አዲስ የናፍጣ ፒካፕ ተሳቢ ከመጐተቱ በፊት ስለሚገባው ማለማመድ

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ለሚነግዱ ሁሉ የቀረበ መግለጫ

የንግድ ሥራ በዕቃና በገንዘብ ብቻ የሚካሄድ አይደለም፤ ዕቃው ከተገኘበት ስፍራ ወደሚሸጥበት ገበያ የሚደርስበት ማመላለሻም ያስፈልገዋል። በሰሜን ወሎ ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። በሀብሩ ወረዳ ከመርሳ ዙሪያና ከጊራና ሸለቆ የሚገኘው ፍራፍሬና ሽንኩርት በጥቂት ቀን ውስጥ ገበያ ካልደረሰ የሚበላሽ ነው። በወልድያ ሱቆች የሚሸጠውም ዕቃ አብዛኛው ከአዲስ አበባ፣ ከኮምቦልቻና ከደሴ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። ስለዚህ መኪናው በመንገድ ላይ የቆመበት ነጋዴ የሚከስረው የመካኒክ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የጫነውን ዕቃና የሚጠብቀውን ደንበኛ ጭምር ነው።

መካከለኛ ገንዘብ ላለው ነጋዴ፣ ትልቅ የጭነት መኪና ከመግዛት ይልቅ አንድ የናፍጣ ፒካፕ ገዝቶ በኋላው ተሳቢ መቀጠል የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ፒካፑ በራሱ ጀርባ ዐሥር ኩንታል ያህል ሊጭን የሚችል ሲሆን፣ ተሳቢ ሲቀጠልለት ደግሞ ከዚያ በላይ ያለውን ጭነት፣ የውሃ ታንከሩን፣ ጄኔሬተሩን ወይም የእህል መውቂያውን ማሽን ሊጐትት ይችላል። ሆኖም ብዙ ጊዜ አንድ ስሕተት ይፈጸማል። ይኸውም አዲሱ መኪና ገና ከሻጩ ግቢ እንደ ወጣ፣ «አዲስ ስለ ሆነ ኀይሉ ሙሉ ነው» ተብሎ ወዲያው ከባድ ሥራ እንዲጀምር መደረጉ ነው። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መኪና ከዕድሜው ሁሉ ለከባድ ጭነት እጅግ የማይመቸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነው።

መካኒኮች ይህን የመጀመሪያ ጊዜ «ሮዳጅ» ይሉታል። በአማርኛ ማለማመድ ቢባል ይስማማዋል፤ አዲስ በሬ ለእርሻ ሲገራ የመጀመሪያው ቀን በጠንካራ መሬት ላይ ሙሉ ቀን እንደማይጠመድ ሁሉ፣ መኪናውም ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው እስኪስማሙ ድረስ ልክ ያለው ሥራ ሊሰጠው ይገባል። ከዚህ በታች የማለማመዱ ምክንያት፣ የኪሎ ሜትሩ ልክና በዚህ አገር መንገድ ላይ የሚፈጸምበት አኳኋን በየተራ ይገለጻል።

የናፍጣ ሞተር አሠራርና የማለማመድ ምክንያት

በናፍጣ የሚሠራውን ሞተር የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ሲሆን፣ በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ የሠራው ሞተሩ በተግባር የታየው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓመት ነው። የዚህ ሞተር ልዩ ጠባይ ካንዴላ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በሚያወጣው ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ብቻ ወደ ሲሊንደሩ አስገብቶ፣ ከ15 እስከ 18 እጥፍ ያህል አጥብቆ ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር እጅግ ይግላል፤ በዚያ ትኩስ አየር ውስጥ ናፍጣው በኀይል ሲረጭ ያለ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ የናፍጣ ሞተር ኀይል የሚመሠረተው በጭመቃው ላይ ነው። ጭመቃውን የሚጠብቁትም በፒስቶኑ ዙሪያ የተጠመጠሙት የብረት ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በሚገባ ካልተጣበቁ፣ የተጨመቀው አየርና የተቃጠለው ጋዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱም በተራው ወደ ላይ እየወጣ ይቃጠላል። የዚህም ምልክቱ ጭስ፣ የዘይት መጕደል፣ በብርድ ጧት ለመነሣት ማስቸገርና በዳገት ላይ የኀይል ማነስ ነው።

የአዲስ ሞተር ሲሊንደር ለዐይን ለስላሳ ቢመስልም፣ በፋብሪካ ሲሠራ ሆን ተብሎ በደቃቅ መስመሮች ተፍቆ የተዘጋጀ ነው። መስመሮቹ ዘይት ይይዛሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ጥቃቅን ጫፎች ደግሞ ከቀለበቶቹ ጋር እየተፋተጉ ቀስ በቀስ ይስተካከላሉ። በዚህ ፍትጊያ ቀለበትና ግድግዳ እንደ ቁልፍና ቀዳዳ ይስማማሉ። ከባድ ጭነት ያለ ጊዜው ከመጣ ግን ፍትጊያው ትኩሳት ይፈጥራል፤ ጫፎቹም ተስተካክለው በማለቅ ፈንታ እየተቦጨቁ የግድግዳውን መልክ ያበላሻሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ሁለተኛ ነገር አለ። ማለማመድ ማለት መኪናውን ማሳረፍ ማለት አይደለም። ቀለበቱን ወደ ግድግዳው የሚገፋው ራሱ የጋዙ ግፊት ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ጥቂት ሥራ ካልተሰጠው ቀለበቱ አይጣበቅም። የናፍጣ ሞተር ቆሞ ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክ ወይም ያለ አንዳች ሥራ እየተጐተተ ሲሄድ፣ በግድግዳው ላይ ያለው ዘይት በከፊል ተቃጥሎ መስተዋት የመሰለ ንጣፍ ይሠራል፤ ይህም መስመሮቹን ይደፍናል። እንዲህ የሆነ ሞተር በኋላ ቢሠራም ዘይት መብላቱን አይተውም። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ መካከለኛና እየተለዋወጠ የሚሄድ ሥራ፣ ከባድ ጭነትም ሥራ ፈትነትም የሌለበት።

ከሞተሩ በቀር ሌሎች ክፍሎች

ማለማመድ ለሞተሩ ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ተሳቢ ለመጐተት ሲታሰብ ግን ይልቁን የሚያሳስቡት ሌሎቹ ክፍሎች ናቸው።

የመጀመሪያው ዲፍረንሻል ነው። የሞተሩ ኀይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚዞረው በዚህ ሣጥን ውስጥ ባሉት ጥርሶች አማካይነት ሲሆን፣ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ ስለሚገፋፉ አዲስ በሆኑ ጊዜ ከፍ ያለ ሙቀት ያወጣሉ። ተሳቢ ሲጨመር የሚገፋፉበት ኀይል በብዙ ይበልጣል። ጥርሶቹ ሳይስማሙ ዘይቱ ከልክ በላይ ከጋለ ገጻቸው ይጎዳል፤ በኋላም መኪናው ሲሄድ የማያቋርጥ ጩኸት ይሰማል።

ሁለተኛው ፍሪሲዮን ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራ ከብረቱ ጋር ገና ሙሉ በሙሉ ስለማይገናኝ፣ አዲስ መኪና ከነተሳቢው በዳገት ላይ ሲነሣ በጥቂቱ ይንሸራተታል። መንሸራተቱም ሸራውን ያቃጥላል። የፍሪሲዮን ሽታ በአዲስ መኪና የሸተተው ባለ መኪና፣ የወራትን ዕድሜ በአንድ ጊዜ እንዳቃጠለ ይወቀው።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። የአዲስ ፍሬን ሸራ ከዲስኩና ከከበሮው ጋር የሚገናኘው በከፊል ነው፤ ሙሉ ገጹ እስኪገናኝ ድረስ የመያዝ ኀይሉ ያነሰ ነው። አራተኛው ደግሞ ጎማና ኩሽኔታ ናቸው። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ቅርጹ ሲወጣ በላዩ ላይ የቀረ ልስላሴ ስላለበት፣ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች፣ በተለይ በእርጥብ አስፋልት ላይ፣ መንገዱን በሚገባ አይጨብጥም።

የኪሎ ሜትሩ ልክ

ይህን ሁሉ የመኪና ፋብሪካዎች ስለሚያውቁ፣ ከመኪናው ጋር በሚሰጡት የአያያዝ መጽሐፍ ውስጥ ልኩን ጽፈው ያስታውቃሉ። ቶዮታ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን መያዝ አይገባም፤ በመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትሮች ተሳቢ መጐተት አይገባም፤ በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ደግሞ እጅግ በፈጠነ ፍጥነት መንዳት፣ ነዳጅ በድንገት መርገጥ፣ ባለማቋረጥ በዝቅተኛ ማርሽ መሄድና ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት ብቻ መንዳት አይገባም።

ሌሎችም ፋብሪካዎች ከዚህ የተቀራረበ ልክ አላቸው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ እንዲሁ 800 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ተሳቢ እንዳይጐተት ይከለክላል፤ በላዩም አንድ ጠቃሚ ትእዛዝ ይጨምራል። ይኸውም ተሳቢው ከተቀጠለ በኋላ ባሉት 800 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዳይነዳና ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ እንዳይነሣ የሚል ነው። ፎርድ ለጭነት ፒካፖቹ የሚያዝዘው ልክ 1,600 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ መኪናው የጎረቤቱን ምክር ሳይሆን ለራሱ መኪና የተሰጠውን መጽሐፍ መመልከት ይገባዋል። መጽሐፉ ከጠፋ ወይም ካልተገኘ፣ ከፍ ያለውን ልክ መከተል አይጎዳም።

ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ

አሁን ይህን ልክ በዚህ አገር መንገድ ላይ አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። የሰሜን ወሎ ነጋዴ አዲስ መኪና የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው፤ ከዚያም እየነዳ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ እስከ መርሳ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ወልድያ ደግሞ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያህል መንገድ የመጣ መኪና ተለማምዶ ያበቃ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን 800 አልሞላም። ስለዚህ በወልድያ ወይም በመርሳ ግቢ ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀ ተሳቢ ቢኖር እንኳ፣ መኪናው በደረሰ ማግሥት ሊቀጠል አይገባም። ተሳቢውን ከአዲስ አበባ ገዝቶ በዚያው ቀጥሎ መምጣትም ይብሱን የተሳሳተ ነው፤ በሌላ መኪና አስጭኖ ማምጣት ይሻላል።

ይህ መንገድ በመልካም ከተነዳ ለማለማመድ እጅግ የተመቸ ነው፤ ዳገት፣ ቁልቁለትና ሜዳ እየተፈራረቁበት ሞተሩ አንድ ዐይነት ሥራ ብቻ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ሦስት ስፍራዎች ጥንቃቄ ይሻሉ።

የመጀመሪያው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ መኪናው ይህን ረጅም ቁልቁለት የሚወርደው ፍሬኑ ገና ባልተለማመደበት በ300 ኪሎ ሜትሩ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ እያደረጉ መውረድ ይገባል። ባለማቋረጥ በዝቅተኛ ማርሽ መሄድ አይገባም የሚለው ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ቁልቁለት የሚመለከት አይደለም፤ በሜዳ ላይ ሞተሩን ያለ ምክንያት ማስጮህን የሚከለክል ነው። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ መውረድ ግን አዲሱን ሸራ አግሎ ያበላሻል፤ ለሕይወትም ያሰጋል።

ሁለተኛው ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው ቆላማ መንገድ ነው። በዚህ ስፍራ አደጋው ዳገቱ ሳይሆን ሜዳው ነው። መንገዱ ቀጥ ሲል ሾፌሩ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት መሄድ ያምረዋል፤ በማለማመድ ጊዜ ግን በየጊዜው ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ማርሹንም መለዋወጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ነው። በዚህ ላይ ሞተሩ በቀላል ማርሽ እየተንገዳገደ እንዲወጣ ማስገደድ አይገባም፤ ቶሎ ማርሽ ዝቅ አድርጎ፣ የዙር መቍጠሪያውም ከቀዩ መስመር ርቆ በመካከለኛው ላይ እንዳለ መውጣት ይገባል። ደሴ ሲደረስ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት አንድና ሁለት ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ተርቦው በዘይቱ እንዲበርድ ይረዳዋል።

የቀረውን ኪሎ ሜትር መሙላት

ወልድያ ለደረሰው መኪና 280 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መርሳ ለቀረው 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ይህ ብዙ አይደለም። ከወልድያ እስከ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ከመርሳ እስከ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ እንዲሁ 300 ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ቢጨመር ልኩ ያልፋል። ነጋዴው ለዚህ ብሎ በከንቱ ናፍጣ ማቃጠል የለበትም፤ በእነዚህ ጉዞዎች ፒካፑን በግማሽ ጭነት፣ ማለት በአራትና በአምስት ኩንታል፣ የወትሮ ሥራውን ሊያሠራው ይችላል። እንዲያውም ይህ ልከኛ ጭነት ቀለበቶቹ እንዲጣበቁ የሚረዳ ነው። የፋብሪካው ልክ 1,600 ኪሎ ሜትር የሆነበት ሰው ደግሞ ዕቃ ለማምጣት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ቢመለስ ቁጥሩ 1,560 ገደማ ይደርስለታል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የዘይቱን ልክ በየጥቂት ቀኑ ማየት ይገባል፤ አዲስ ሞተር ቀለበቶቹ እስኪጣበቁ ድረስ ጥቂት ዘይት ሊያጎድል ይችላልና። የራዲያተሩን ውሃ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩንና የጎማ ዳዶዎችን ጥብቀት መመርመርም ያስፈልጋል። ናፍጣውን በሚመለከት፣ ከጀሪካን የሚቀዳ፣ ውሃና ቆሻሻ የገባበት ነዳጅ የአሁኑን ዘመን ሞተር በፍጥነት እንደሚገድል መታወቅ አለበት። የዛሬ የናፍጣ ኢንጄክተሮች ነዳጁን የሚረጩት እጅግ በበረታ ግፊትና በደቀቀ ቀዳዳ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ውሃ እንኳ ይጎዳቸዋል። የውሃ ማጥለያው ምልክት ከበራ ሳያጠራቅሙ ማፍሰስ ይገባል። የመጀመሪያውን የዘይት ለውጥና ምርመራ መጽሐፉ በሚያዝዘው ኪሎ ሜትር ማድረግ እንጂ፣ «ገና አዲስ ነው» ብሎ ማሳለፍ አይገባም።

ተሳቢው በሚቀጠልበት ጊዜ

ልኩ ሞልቶ ተሳቢው ሲቀጠል የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደት ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ተሳቢው የሚጭነውን ብቻ ነው፤ የተሳቢው የራሱ ክብደትም መታሰብ አለበት። ለምሳሌ ያህል፣ ባዶውን 500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 10 ኩንታል ሽንኩርት ቢጫንበት፣ ፒካፑ የሚጐትተው 1,500 ኪሎ ነው። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ ይህ እጅግ ይበዛል፤ በብዙ አገር ደንብና በብዙ ፋብሪካዎች መጽሐፍ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተፈቀደው እስከ 750 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ የሚከብድ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ክብደቱ በጋንቾው ላይ የሚያርፍበት መጠን ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ገደማ በጋንቾው ላይ ቢያርፍ መልካም ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 150 ኪሎ ይሆናል። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ኋላ ካዘነበለ፣ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ ይህም መኪናውን ከመንገድ ሊያወጣው ይችላል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የፒካፑ ኋላ ይጫናል፤ ፊቱ ይነሣል፤ መሪውም ይቀላል። በጋንቾው ላይ ያረፈው 150 ኪሎ ፒካፑ በጀርባው ሊጭን ከሚችለው ላይ ተቀናሽ መሆኑንም መርሳት አይገባም፤ ከዐሥሩ ኩንታል አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ያለቀው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ማሰሪያው ነው። ጋንቾው በመኪናው ሻንሲ ላይ በሚገባ የተሠራ መሆን አለበት እንጂ በኋላ መከለያው ላይ የተበየደ መሆን የለበትም። መጠባበቂያ ሰንሰለት፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ በተሳቢው ላይ ሊሠሩ ይገባል፤ በማታ መብራት የሌለው ተሳቢ ከኋላ ለሚመጣው ሁሉ አደጋ ነው። ተሳቢውም አዲስ ከሆነ እርሱም ይለማመዳል። ከመጀመሪያዎቹ 50 እና 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ፣ በየማረፊያውም የጎማውን እምብርት በእጅ ዳስሶ ኩሽኔታው ከልክ በላይ አለመጋሉን ማረጋገጥ ይገባል።

የመጀመሪያው የተሳቢ ጉዞ ወዴት ይሁን?

በወልድያ መንገዶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው የተሳቢ ጉዞ ወደ ቆቦ የሚወስደው መንገድ ይመረጣል፤ ሜዳው የሰፋና ከሌሎቹ የቀለለ ነውና። በመርሳና በወልድያ መካከል በስሪንቃ በኩል ያለው አጭር መንገድም ለቀላል ጭነት ይስማማል። ወደ ደቡብ ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ የሚያወጣው ጠመዝማዛ፣ ወደ ምዕራብም ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ከወልድያ በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣው ረጅም ዳገት ግን የተሳቢው ሁለተኛ 800 ኪሎ ሜትር እስኪያበቃ ቢቆዩ የተሻለ ነው።

የአገሩ ከፍታም በሒሳብ መግባት አለበት። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ ያለው ሞተር ጕድለቱን በብዙ ቢሞላም፣ ይህን የሚያደርገው ተርቦውን ይበልጥ በማሠራት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በጻፈው የመጐተት ልክ መጨረሻ ላይ ሳይሆን ከእርሱ ዝቅ ብሎ መጫን በተለይ ለደጋው ዳገት ብልኅነት ነው። በዳገት የሙቀት መቍጠሪያው ከፍ ካለ ቆሞ ማሳረፍ፤ በቁልቁለት ደግሞ በወጡበት ማርሽ መውረድ የቆየ የሾፌሮች ደንብ ነው። ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ካሚዮን በሰሜን መንገድ ከነተሳቢው ለብዙ ዘመን ሲመላለስ፣ ሾፌሮቹ ይህን ደንብ የያዙት መጽሐፍ አንብበው ሳይሆን መንገዱ አስተምሯቸው ነው።

ያገለገለ መኪና ለገዛና ሞተር ላሳደሰ

በአገራችን የሚሸጠው መኪና ሁሉ አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ መግለጫ ያገለገለ መኪና ያለውንም ይመለከታል። ሞተሩ ታድሶ አዲስ ፒስቶንና ቀለበት የገባለት፣ ካምቢዮው ወይም ዲፍረንሻሉ የተለወጠለት፣ አዲስ ኩሽኔታ የተገጠመለት መኪና፣ በዚያ ክፍል በኩል እንደ አዲስ ይቈጠራል። ቶዮታም በመመሪያው አዲስ የኀይል ማስተላለፊያ ክፍል የተገጠመለት መኪና 800 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ተሳቢ እንዳይጐትት ይመክራል። ከጋራዥ በወጣ ማግሥት ሙሉ ጭነት የተሸከመ የታደሰ ሞተር ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጋራዥ ቢመለስ የሚያስገርም አይደለም፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የመካኒኩ አይደለም።

የአስመጪዎችና የሻጮች ድርሻ

አስመጪውና ሻጩ በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ከመኪናው ጋር የሚሰጠው መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ገዢው ሳያነበው በመኪናው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ሻጩ ሦስቱን ቁጥሮች፣ ማለት የፍሬኑን፣ የተሳቢውንና የፍጥነቱን ልክ፣ በአማርኛ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከቁልፉ ጋር ቢሰጥ ወጪው ኢምንት ነው፤ ጥቅሙ ግን ለሁለቱም ወገን ነው። በዋስትና ጊዜ የሚነሣ ክርክር ብዙውን ጊዜ «አልተነገረኝም» እና «አላነበብህም» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል የሚወድቅ ነውና። በወልድያና በመርሳ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸውም፣ ለፒካፖቹ የሚስማማውን የሞተርና የዲፍረንሻል ዘይት፣ የዘይትና የናፍጣ ማጥለያ አስቀድመው ቢያከማቹ፣ ባለ መኪናው የመጀመሪያውን ለውጥ ደሴ ድረስ ሳይሄድ በጊዜው ያደርጋል፤ ሱቁም ደንበኛ ያፈራል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ የነጋዴው ሐሳብ መኪናን በመለወጥ ላይ ሳይሆን በእጅ ያለውን በማቆየት ላይ እያዘነበለ ቢሄድ ተገቢ ነው። በእጅ ያለ የናፍጣ መኪና ዕድሜው በረዘመ መጠን የባለቤቱ ሀብት ይጠበቃል፤ የዕድሜው ርዝመትም የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ማጠቃለያ

ነገሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። እስከ 300 ኪሎ ሜትር ፍሬኑን በዝግታ መያዝ፤ እስከ 800 ኪሎ ሜትር፣ መጽሐፉም ከዚህ በላይ ካዘዘ እስከዚያው ድረስ፣ ተሳቢ አለመቀጠል፤ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ፍጥነትን መለዋወጥና ሞተሩን አለማስጨነቅ፤ ተሳቢው ከተቀጠለ በኋላ ባሉት 800 ኪሎ ሜትሮች ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አለማለፍና ረጃጅሙን ዳገት ማቆየት። ሞተሩን ቆሞ ማንተክተክም እንደ ከባድ ጭነት ሁሉ እንደሚጎዳው አለመርሳት።

ለወልድያው ነጋዴ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ትዕግሥት ከቆቦ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ አይበልጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ያን ጥቂት ቀን ለመቆጠብ ብሎ ተሳቢውን ያለ ጊዜው የቀጠለ ሰው፣ በመኸር ሰዓት ማንጎውና ሽንኩርቱ በሚጣደፍበት ወቅት መኪናውን ከጋራዥ ሲጠብቅ ሊገኝ ይችላል። ልኩን የጠበቀው ግን ለብዙ ዓመት ገበያው ላይ በጊዜው ይደርሳል።